ከአይዛብ የተላከች ደብዳቤ

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነጋዴውም ተማሪውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ይሸጣል፣ እኔ ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ዘመድ ሲመጣ “ይሄ ልጅ ለንግድ ነው ለትምህርት?” ይላል። ጥያቄው ልቤ ውስጥ ቀረ። ዛሬ የማወራችሁ ቤተሰብ ግን ሁለቱን ለያይቶ አያውቅም።

ፉስጣጥ ዛሬ የካይሮ አካል የሆነች አሮጌ ከተማ ናት። እዚያ ቤን ዕዝራ የሚባል የአይሁድ ምኩራብ አለ። አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ጽሑፍ እንዲሁ አይጥሉትም። ያረጀ ወረቀት የሚያኖሩባትን ክፍል ጌኒዛ ይሏታል። በዚህችኛዋ ጌኒዛ የገባው ግን ጸሎት ብቻ አይደለም። የጋብቻ ውል፣ የዕዳ ወረቀት፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የነጋዴ ደብዳቤ፣ ሁሉም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ሰለሞን ሼክተር የተባለ ምሁር ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከ190,000 የሚበልጥ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

አብዛኞቹ የነጋዴ ደብዳቤዎች ቋንቋቸው ዐረብኛ፣ ፊደላቸው ዕብራይስጥ ነው። ስታነቧቸው የምታውቁት ዓለም ነው የሚመጣባችሁ። አንዱ ሲሲሊ ተቀምጦ የጓደኛውን ዕቃ ይሸጥለታል። ኮሚሽን አይጠይቅም። ጓደኛው ደግሞ ፉስጣጥ ላይ ሆኖ የእሱን ይሸጥለታል። ውለታ በውለታ ማለት ነው። እምነት ያጎደለ ሰው ወሬው ከመርከቡ ቀድሞ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ዕቃ ያምነዋል? አይሁዱና እስላሙ በሽርክና ይሠሩ ነበር። ገንዘብ ተሸክሞ መሄድ አደጋ ስለሆነ በወረቀት ይተላለፋል። አንዱን መንገድ ምን ይሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? ሐዋላ! እኛ ዛሬ ከውጭ ብር ሲላክልን የምንለው ያው ሐዋላ። ከደጃችን ያለችው የዳህላክ ደሴትም ስሟ በነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ አለ፤ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መንገደኞች ይቆሙባት ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ልምጣ። ሙሴና ዳዊት ይባላሉ፤ የማይሞን ልጆች ናቸው። የተወለዱት ስፔን፣ ኮርዶባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1148 አልሞሃዶች የሚባሉ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ እስላም ገዢዎች ከተማዋን ያዙና ሃይማኖታችሁን ለውጡ አሉ። ቤተሰቡ ተሰደደ። ያ ዘመን ሁሉም ነገር የሰመረበት ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በሞሮኮዋ ፌዝና በፍልስጤም ባሕር ዳር ባለችው አኮ አድርገው በመጨረሻ ፉስጣጥ ገቡ። እዚያ ዳዊት ነገደ፣ ሙሴ ተማረ፣ ጻፈ። ታናሽ ወንድሙ ስለሚሠራለት ታላቁ ያለ ሐሳብ መጽሐፉ ላይ ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1170 ገደማ ዳዊት ከአባይ ዳር ካለችው ቁስ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አይዛብ ደረሰ። አይዛብ የቀይ ባሕር ወደብ ናት። ከዚያ ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። ሳያስበው ከቅፍለቱ ተለይቶ ከአንድ ጓደኛ ጋር ብቻ በረሃውን እንዳቋረጠ ይነግረዋል። በኋላ ግን ቅፍለቱ ራሱ ተዘርፎ፣ ሰው ቆስሎ፣ አንዳንዱም በውሃ ጥም አልቆ ደረሰ። አይዛብ ላይም ከኢንዲጎ ማቅለሚያ በቀር የሚገዛ ነገር አላገኘም። ያን ሁሉ ሞት አልፎ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው? ስለዚህ በባሕር ወደ ሕንድ ልቀጥል አለ። ወንድሙን አትጨነቅ ይለዋል፤ በበረሃ ያዳነኝ በባሕርም ያድነኛል። ቤት ያለችውን ሚስቱንም አደራ አጽናናልኝ ይላል።

ዳዊት አልተመለሰም። የሕንድ ውቅያኖስ በላው። የራሱ፣ የወንድሙና የሌሎች ሰዎች ብዙ ገንዘብ አብሮ ሰመጠ። ሚስቱና ትንሽ ሴት ልጁ ሙሴ እጅ ላይ ቀሩ።

ሙሴ ለአንድ ዓመት ያህል በትኩሳትና በሐዘን አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በሕክምና ሙያው እንጀራውን ይበላ ጀመር። ማይሞኒደስ ብሎ ዓለም የሚያውቀው፣ በግብጹ ገዢ በሳላሐዲን ቤተ መንግሥት ሐኪም የሆነው ሰው ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1199 በጻፈው ደብዳቤ ኑሮውን ይናገራል። ጠዋት ካይሮ ቤተ መንግሥት ሄዶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል። ደጁ በሕመምተኛ ተሞልቶ ይጠብቀዋል፤ አይሁዱም ሌላውም፣ ትልቁም ትንሹም። ከድካም ብዛት ተጋድሞ መድኃኒት ያዛል። ታላላቅ የፍልስፍናና የሕክምና ሥራዎቹን በዐረብኛ የጻፈው በዚህ መሀል ነው። ወንድሙ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ስንት ይጽፍ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ደግሞም ዳዊት ባይነግድለት ኖሮ የቀድሞዎቹን መጻሕፍት በየት ጊዜው ይጽፋቸው ነበር?

ከወንድሙ ሞት ስምንት ዓመት ያህል በኋላ ሙሴ ለአንድ ወዳጁ ጻፈ። ስለ ዳዊት “በእኔ ጉልበት ላይ ያደገ ልጅ ነበር፤ ወንድሜም ተማሪዬም ነበር” ይላል። የእጅ ጽሑፉን ወይም ከመጽሐፎቹ አንዱን ባየ ቁጥር ልቡ እንደሚገላበጥ ይናገራል።

ያ ከአይዛብ የተላከው ደብዳቤ ካምብሪጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ፊደሉን ባታነቡትም የዳዊትን እጅ ታያላችሁ።

አመሰግናለሁ።