ሁለት ሰዓት ላይ የሚደውለው ስልክ

ሰላም ናችሁ? ዛሬም ስሜን አልናገርም። ከዚራ ነኝ። የሚጮኸው ፋኑ ነው፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

ኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ካለ ዓመታት ሆኖታል። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ጫት ነው። ስለ ጫትም ሳይሆን ከጫት በኋላ ስላለው ሰዓት።

እኛ ጋ በርጫ ከምሳ በኋላ ነው። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂው ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚቀንስ ሁሉም ለትኩሱ የአወዳይ ጫት ይጣደፋል። ምርቃናው ሲይዝህ ቤት ትሠራለህ፣ ታገባለህ፣ ካናዳ ደርሰህ ትመለሳለህ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ጨብሲ፤ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር። የኔ ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የመድኃኒቴ ሰዓት ማታ ሁለት ነበር። ስልኬ ይጮኻል። "ማነው?" ይሉኛል። "እቤት ነው" እልና አጠፋዋለሁ። ስገባ እውጠዋለሁ ብዬ ነው። አንዳንዴ እውጣለሁ።

አንድ ማታ ከአንዲት ልጅ ጋር ወጣሁ። ኮንዶሙ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እዚያው አደረ። "የቫይረሱ መጠን አይታይም ተብያለሁ፣ አላስተላልፍም" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ነገሩ እውነት ነው፤ መድኃኒቱን ሳያቆራርጥ ለሚወስድ ሰው። በአራተኛው ቀን ሽንቴ እንደ በርበሬ አቃጠለኝ። ጨብጥ።

ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፋይሌን ገልጣ "ይሄ ውጤት የዛሬ ስምንት ወር ነው፤ የሚናገረው ስለዚያን ቀን ደምህ ነው" አለችኝ። ለቂጥኝም ለቫይረሱ መጠንም ደሜን ወሰደች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ "ስንት ሰዓት ነው የምትቅመው? ጨጓራህን ሲያቃጥልህስ ምን ትወስዳለህ?" ለካ የቫይረሱ መድኃኒቴ፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን፣ ከሚታኘከው የጨጓራ መድኃኒት ጋር አይስማማም። ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚዋጠው። እኔ ሁለቱን አብሬ ነበር የምውጠው! "ወደ ጠዋት እናዙረው" አለች።

ልጅቷም መመርመርና መታከም ነበረባት። ለቫይረሱ የሚሰጠው መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አራት ቀን አልፏል። ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ደወልኩ። የተባባልነውን አልነግራችሁም፤ ግማሹ የሷ ነው።

ጫት ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ቀንሻለሁ። ጨብሲውን ግን ትቻለሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጣሪያ እያየሁ አድራለሁ። ክኒኔን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፉል ጋር እውጣለሁ። ባለፈው በርጫ ላይ አንዱ ምን አለኝ? "አቦ፣ እቤት መደወል ተዉ እንዴ? ተጣላችሁ?"