ሆድ ለባሳችሁ፣ በበዓል ዋዜማ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

«እንኳን አደረሳችሁ» ይህን አዳራሽ ሞልቶታል። እኔ ዛሬ ይበልጥ ላናግራችሁ የምፈልገው ያ ሰላምታ ሲደርሳችሁ ጉሮሯችሁ የሚተናነቃችሁን ነው። ዘንድሮ ሰው የቀበራችሁ፣ ከሥራ የወጣችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር የተኳረፋችሁ፣ ምክንያቱን ሳታውቁት ሆዳችሁ የሚባባ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በአዘቦት ቀን ልብ የማንለው ባዶ ወንበር በበዓል ቀን ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። ስለዚህ «እርሱትና ተደሰቱ» ልላችሁ አልመጣሁም።

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙ በዓላትን ያሳለፍኩት በተረኝነት ነው። እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ወር በዓል ሲደርስ፣ ቤት ከመዋል ይሻለኛል ብዬ ራሴ ጠይቄ የሌሊት ተረኛ ሆንኩ። በዚያ ሌሊት አስታማሚ የሌላቸው አንድ አዛውንት ታካሚ ነበሩ። ከትራሳቸው ሥር ትንሽ ደብተር ያስቀምጣሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማታ ማታ ተረኛውን ያጽፋሉ።

«ጻፊ ልጄ» አሉኝ። «ጠዋት መጋረጃውን የገለጠችልኝ የጽዳት ሠራተኛ። ስሟን ጠይቂልኝና ጨምሪው። ትራሴን ከፍ ያደረገልኝ የጎን አልጋው ልጅ። ውሃዬን ለብ አድርጋ ያመጣችልኝ...» ቆም አሉና አዩኝ። «እሷስ አንቺ ነሽ። ስምሽ ማነው?»

ስሜን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ውሃውን ለብ ማድረጌን እኔ ራሴ አላስታወስኩትም ነበር። ከዚያ «አሁን ከሥር፣ ባለቤቴ ዛሬም የለችም ብለሽ ጻፊ» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያ ገጽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ምስጋናውና ሐዘኑ በአንድ ገጽ ላይ ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰርዘው።

ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክካሎው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን ጥናት ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንዱ የተማሪዎች ቡድን በየሳምንቱ ያመሰገነባቸውን፣ ሌላው ያስመረሩትን እስከ 5 ነገሮች ለ10 ሳምንታት ጻፈ። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ የሚመጣውንም ሳምንት ከአማራሪዎቹ በተሻለ ተስፋ ጠበቁት። ልብ በሉልኝ፤ የተጠየቁት ስላለፈው ሳምንት ነው፣ የተለወጠው ግን ስለ መጪው ያላቸው ስሜት ነው። ለእኔ ምስጋናና ተስፋ የተያያዙት እዚህ ላይ ነው።

ተስፋ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በናዚ ካምፕ ታስሮ ሳለ የታዘበውን ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1944 ገና እስከ 1945 አዲስ ዓመት ባለው ሳምንት በካምፑ የሚሞተው ሰው ቁጥር አሻቀበ። የካምፑ ዋና ሐኪም እንዳለው፣ ምግቡም ሥራውም አየሩም ከቀድሞው የባሰ አልነበረም፤ ብዙዎቹ «ለገና ቤታችን እንገባለን» ብለው ነበር፣ ገናም መጥቶ አለፈ። በሞቱት መፍረድ የማይታሰብ ነው፤ በረሃብና በበሽታ ያለቁ ሰዎች ናቸው። እኔ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው፤ ተስፋችንን በአንድ ቀን ላይ ብቻ ከሰቀልነው ቀኑ ሲያልፍ አብሮ ይወድቃል። ፍራንክል ነፃ የወጣው ከዚያ የገና በዓል 4 ወር ቆይቶ ነው። «እስከ በዓሉ ካልታረቅን፣ እስከ በዓሉ ሥራ ካላገኘሁ፣ በቃ» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ያን ቀጠሮ ሰርዙት። ተስፋው ይቆይ፣ ቀኑ ይቅር።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ ይወቅሰኛል። ጨለማው ለሳምንታት አልገፈፍ ካለ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ያ በምስጋና ደብተር ብቻ የሚታከም አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ጎህ ሲቀድ አዛውንቱ «አንቺስ ዛሬ የማንን ስም ትጽፊያለሽ?» አሉኝ። ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ። እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት እሷ ነበረች። ከቀብሩ ማግስት በአንድ ክፉ ቃል ተጣልተን አልተነጋገርንም። አንድም ቀን «እጅሽ ይባረክ» አላልኳትም። ሰዓቱ ገና ነው፣ ምን ትለኛለች፣ ቃሉስ ከየት ይመጣል እያልኩ ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

እንዲህ ያለውን ፍርሃትም ያጠኑት አሉ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ይሸማቀቃል ብለው ከመጠን በላይ ፈርተው ነበር፤ የተቀባዮቹ ደስታ ግን ከገመቱት በለጠ። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ።

አነሳችው። «ስለ እማዬ... አመሰግንሻለሁ» ብዬ ሌላ ቃል አጣሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እናታችን ከተረኝነት በወጣሁ ቁጥር ደውላ የምትጠይቀኝን፣ በእሷው የድምፅ ዜማ ጠየቀችኝ፦

«ቁርስ በልተሻል?»

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።