ቀስ ብላችሁ ጋቱ

ክቡራን እንግዶች፣ የወረዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም መጣችሁ።

ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አላነበውም። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ በሬ ልነግራችሁ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የእርሻ በሬያቸውን ይዘው መጡ። ከስቷል፣ መንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሯል። የጉበት ትል ነው። ክኒኑን ወቅጬ በሃይላንድ ጠርሙስ በጠበጥኩት። ወረፋው ረጅም ነበርና ቸኮልኩ። ሁለት ጎረምሶች ቀንዱን ይዘው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀለበሱት። እኔ ምላሱን ጎትቼ ገለበጥኩበት። በሬው አሳለው። ያኔም አልለቀቅነውም።

በሦስተኛው ቀን እናታችን ብቻቸውን መጡ። በሬው ትንፋሽ አጥሮት ሞቷል። «ልጄ፣ ከነትሉ እኮ ክረምቱን ይሻገርልኝ ነበር» አሉኝ።

መድኃኒቱ ትክክል ነበር። መጠኑም ትክክል ነበር። የገባው ግን ሳንባው ውስጥ ነው።

አፍንጫው ከዓይኑ በላይ አይውጣ። ምላሱን አትያዙበት፤ ምላሱ ካልተንቀሳቀሰ አይውጥም። በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጋቱት። ካሳለው ወዲያው ልቀቁት። ይኸው ነው! ይህን ለማስተማር አምስት ደቂቃ ይበቃል!

መድኃኒት ሲገዛ ስለ ዋጋው እንከራከራለን። እንዴት እንደሚዋጥ ማን ጠየቀ? አውራ ጣት የሚያህል ክኒን እንልካለን፣ መጋቻውን አንልክም። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነው። ከብቱ ሲሞት «ገበሬው አያውቅም» እንላለን። ያላሳየነው እኛ ነን!

ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ እንዴት እንደጠፋ አስታውሱ። በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በረት ባዶ ያስቀረው እሱ ነው። ክትባቱ ቀድሞም ነበር። ግን ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ አፋር በረሃ እስኪደርስ ይበላሽ ነበር። ሙቀት የሚችለው ሲመጣ ከአርብቶ አደሮቹ መሃል የሠለጠኑት ራሳቸው ተሸክመው ከተቡ። በ2003 ዓ.ም በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለመስጠት የቀለለ መድኃኒት እንዲህ ይሠራል!

የፈንግል ክትባትም ዶሮዋ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ነው፤ የቤት እመቤቷ ትችለዋለች። ከተማ የምትሠሩም ውሻ አታንቁ። መጀመሪያ ባዶ ሥጋ አጉርሱት፣ ቀጥሎ ክኒን ያለበትን።

የበጀቱን ነገር ባልደረባዬ ያቀርባል። ከሻይ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለት በጎች ታስረዋል። መጋቻውን ይዤ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።