አራት ኢንችና የማይኮው ሰውዬ

እሺ... ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ካርቡራተሩ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆይ። ከውድድሩ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር አልለቀኝ ብሏል።

ሕጉን ታውቁታላችሁ፣ ስንት ጊዜ አውርተንበታል። በቪንቴጅ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በአሮጌ ሞተሮች በአፈር ሜዳ ላይ በሚደረገው ውድድር፣ በፈረንጆቹ እስከ 1974 ባለው ምድብ ለመግባት የሞተሩ ዕድሜ ብቻ አይበቃም። የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወተው ከ4 ኢንች፣ የፊቱ ከ7 ኢንች ማለፍ የለበትም። እኔ ደግሞ የዚህ ሕግ ጠበቃ ነኝ። አሁንም ነኝ።

ግን ሽማግሌው... ባለ ማይኮው፣ የጀርመን ሞተር ናት። 74 ተኩል የሚሏትን ነው የያዘው፣ ማይኮ በ1974 አጋማሽ፣ የኋላው ጎማ የበለጠ እንዲጫወት አሞርዛተሮቹን ወደ ፊት ስቦ ያወጣትን። ፍተሻ ላይ ከፊቴ ነበር። ፈታሹ ልጅ እግር ነው፣ በጣም ጨዋ ልጅ። ሞላዎቹን አስወጣ፣ ከጎማው ዘንግ እስከ መቀመጫው ሥር በሜትር ለካ፣ ኋላዋን እስከ መጨረሻው ተጫናት፣ እንደገና ለካ። ከዚያ ቁጥሩን አልተናገረም። አውራ ጣቱን ሜትሩ ላይ እንዳሳረፈ ለሰውዬው አዞረለት። አለቀ።

ሰውዬው፣ «በ74 አዲሷን ከሱቅ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለው። ልጁም «አውቃለሁ ጌታዬ» አለ።

ቢከራከረው ይሻለኝ ነበር። አውቃለሁ ብሎ መመለስ... አውቆ ነው እንግዲህ። ቀጥሎ ባለው ምድብ መግባት ትችላለህ አለው። እዚያ ያሉት የ77 ሞተሮች ናቸው! ሰውዬው ምንም አላለም፣ ሞላዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ያዝኩለት። ሻይም ልቀዳለት ብዬ ነበር፣ ከቴርሞሴ፣ አልፈለገም።

ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሜቲስ መጣ። ሪክማን ወንድማማቾች እንግሊዝ ውስጥ ያወጡት ቴላዮ፣ ዛሬም አዲስ ይሠራል፣ ይሄኛውም ብየዳው ገና ያብረቀርቃል። አለፈ። ንድፉ የዘመኑ ነው፣ ልኩም ልክ ነው፣ ማለፍም አለበት! አሮጌ ቴላዮ እኮ ይሰነጠቃል፣ ሰው ይሞታል። እና እኔ በሜቲሱ አልተናደድኩም። በምን እንደተናደድኩ ነው የጠፋኝ።

ምክንያቱም ገደቡ ባይኖር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጄፍ ስሚዝ በ1964 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን የሆነባትን ዓይነት ቢኤስኤ፣ የእንግሊዝ ሞተር፣ ይዞ ማን ይመጣል? ማንም። ሁሉም ረጅም አሞርዛተር ያለውን ይዞ ይመጣና ቢኤስኤዋ ሙዚየም ትገባለች። እኔ ያቺን ድምፅ ሜዳ ላይ ነው መስማት የምፈልገው።

ግን ደግሞ ተመልከቱ... ቲልከንስ የሚባል ቤልጅየማዊ አንድ ነጠላ አሞርዛተር ከመቀመጫው ሥር አስተኝቶ ሠራ፣ ያማሃ ወሰደው፣ ሃካን አንደርሰን በዚያ በ1973 የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1973! ከዚያ በኋላ ሁሉም ፋብሪካ የጎማውን ጨዋታ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ... ማይኮም ያንኑ ሲያሳድድ ነው 74 ተኩልን ያወጣት። ስለዚህ ዘመኑ ራሱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። ሕጉ ከስንጥቁ ወዲያ ያለውን ይዞ ወዲህ ያለውን ይመልሳል። ሰውዬው ደግሞ ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው፣ ሱቅ ሄዶ አዲስ የወጣውን ገዛ። ምን ያድርግ?

ገደቡ ወደ 5 ተኩል ከፍ ይበል ልል ነበር። ለሱ ሲባል። ግን ያኔ በ6 የሚመጣው ሰውስ? እሱም እኮ በ74 የገዛ ሊሆን ይችላል። ወይ ለ74 ተኩሎቹ ብቻ የራሳቸው ምድብ... ስንት ሰው ይሰለፋል? ሦስት? አራት? ብቻውን ቢነዳስ፣ ያ ውድድር ነው? አይ፣ ቆይ... እሱ የፈለገው ግን ማሸነፍ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ማለቴ... እንጃ፣ ሳልጠይቀው ነው የሄደው፣ እና...