አምስተርዳም ያገኘኋት ቡና

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናዘዝላችሁ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ቡና ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጥሬው በኪሎ ከሱቅ ይመጣል፣ አለቀ። ዛፉን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያየሁት የት መሰላችሁ? አምስተርዳም! ያውም ጥር ላይ፣ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ብርድ።

ቦታው ሆርተስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1638 የተመሠረተ የእጽዋት ማዕከል ነው። ከተማዋ ያኔ ገና ከወረርሽኝ መውጣቷ ነበር፤ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ዕፅ የሚማሩበት ቦታ ተፈለገ። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፣ ቶሎ ዞራችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ግሪን ሀውሱ ውስጥ ስገባ መነጽሬ በላብ ተሸፈነ። ጠርጌው ቀና ስል ፊት ለፊቴ ቆማለች። ቅጠሏ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ፍሬዎቹ ቅርንጫፉ ላይ ተጠጋግተው ተለጥፈዋል። ሁሉም አረንጓዴ፣ አንዷ ብቻ ቀልታለች። ልነካት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እንግድነት ተሰማኝ፤ ማን ለማን እንግዳ እንደሆነ እንጃ።

ታሪኩ ደግሞ ጉድ ነው። ከየመን የወጣው ዘር በህንድ አድርጎ ጃቫ ደረሰ። ደቾች በ1706 ከጃቫ አንድ ችግኝ ወደዚህ ማዕከል አመጡ። በ1714 ከዚያው ዘር የወጣ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። ዛሬ ላቲን አሜሪካ ውስጥ የሚለቀመው አብዛኛው አረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት የዘር ሐረጉ ሲቆጠር በጣት በሚቆጠሩ እንዲህ ባሉ ተክሎች በኩል ያልፋል። ለዚህ ነው ዘሩ የሳሳው፣ በሽታም ቶሎ የሚጥለው። የከፋና የያዩ ጫካ ውስጥ ግን ስንት ዓይነት ዘር አለ! ስሙ ሳይቀር «አረቢካ» መባሉ አሁንም ያናድደኛል። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ሲሰይመው የሰማው የዓረብን ወሬ ብቻ ነበር መሰለኝ።

ፎቶ አንስቼ ለእማዬ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ውይ፣ ቅጠሏ እንዴት ጸድቷል! ማን ነው የሚለቅማት?»

«ኧረ ለማየት ነው እማዬ።»

«ለማየት?» ትንሽ ዝም አለች። «በል፣ አቦሉ ሳይቀዘቅዝብኝ።»

ዘጋችው።