ሆዱም ይድረቅ፦ ስለ አባቴ ምላጭ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ ከሚገኘው ቤቴ ነው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ከትናንት ጀምሮ ጉም ስለለበሰ ከመስኮቴ አይታየኝም፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስም ሁለት ቀን ሙሉ አልደረቀም። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ እርጥበት የመጣ ነው። ከአባቴ ስለወረስኩት የሚታጠፍ ምላጭ፣ በተለይም በመላጨት ጊዜና ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚደርቅ ልናገር ነው።

ምላጭ ስል ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስስ ምላጭ ማለቴ አይደለም። ጀርባው ወፍራም፣ ስለቱ ስስ ሆኖ ወደ ቀንድ እጀታው የሚታጠፈውን፣ በየጊዜው እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለውን ማለቴ ነው። የአባቴ ምላጭ ካርቦን ከበዛበት ብረት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ጥሩ ስለት ያወጣል፣ ያወጣውንም ስለት ይዞ ይቆያል፤ ነገር ግን ይዝጋል። አይዝጌ የምንለውን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል የሚደርሰው ክሮሚየም ሲሆን፣ ይህኛው ግን ያንን መከላከያ አላገኘም።

አባቴ ሲላጩ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ጉንጫቸው ላይ እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ጢማቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን ጥድፊያው ሁሉ ይቀርና ምላጩን ለማድረቅ ለመላጨት የፈጀባቸውን ያህል ጊዜ ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን መታገሥ አቅቶኝ «አባዬ፣ ደርቋል እኮ፤ ለምን አያጥፉትም?» አልኳቸው። «የደረቀው ላዩ ነው፤ ሆዱን መቼ አየህ?» አሉኝ። ሆዱ ያሉት ምላጩ ሲታጠፍ የሚገባበትን፣ በእጀታው ሁለት ገጾች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

የተረዳሁትም በራሴ ጥፋት ነው። ምላጩ በእጄ ከገባ በኋላ በአንድ ክረምት ወልድያ ለቅሶ ለመድረስ ስቸኩል ተላጨሁና፣ ምላጩን በፎጣ ላይ ላዩን ጠርጌ፣ አጥፌ፣ በቆዳ ማኅደሩ ከትቼ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ስለቱ ዳር ቡናማ ነጠብጣብ ተሰልፎ አገኘሁት። እጀታው ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ አላገኘም፤ ቆዳውም እርጥበቱን ይዞ አቆየው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው፤ ክፉኛ የሚጎዳውም ስስ የሆነውን ቦታ ነው። በሚገባ የተሳለ ምላጭ የስለቱ ጫፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ የሚያንስ ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ ቢሆን ምንም የማይመስል ዝገት እዚያ ላይ ስለቱን ይበላዋል። ጤናማው ብረት እስኪገኝ ድረስ በመሳያ ድንጋይ ላይ ደጋግሜ ስስለው፣ የአባቴ እጅ ለዓመታት ጠብቆ ያቆየውን ብረት እኔ በአንድ ጠዋት ቸልታ እያሳነስኩት እንደሆነ ተሰማኝ፤ ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በመላጨት ላይ ሳለሁ፣ ምላጩን ሁለት ሦስት ጊዜ ጉንጬ ላይ ካስኬድኩ በኋላ የተጠራቀመውን አረፋና ጢም አስወግዳለሁ። በእኛ ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ በጆግ ውሃ አፈሳለሁ፤ ስለቱ ወደ ታች፣ እጀታው ደግሞ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ስለሚያዝ ውሃው ወደ ማጠፊያው አይወርድም። ምላጩን ውሃ በያዘ ኩባያ ውስጥ ማጥለቅና ማማሰል አልወድም፤ ስለቱ የኩባያውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ከነካ የሳምንት ድካም ይበላሻል። አረፋውን ለማራገፍ በሳፋው ጠርዝ ላይ ማንኳኳትም እንዲሁ ነው። ውሃ ባጠረ ቀን አረፋውን በሶፍት ወይም በእርጥብ ጨርቅ ላይ እጠርገዋለሁ፤ ምላጩ ጋደም ብሎ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ስለቱ ከቀደመ ጨርቁንም ይቆርጣል፣ ራሱም ይጎዳል።

ተላጭቼ ስጨርስ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ አለቀልቀዋለሁ፤ ሳሙና ከጢምና ከቆዳ ቅባት ጋር ሲደርቅ ከሥሩ እርጥበት ያቆራልና። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አባቴ ከማንቆርቆሪያ ትኩስ ውሃ ይጠቀሙ ነበር። ብረቱ ሲሞቅ የቀረው ውሃ ቶሎ ይተናል። (ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።) ትኩሱ ውሃ ቀንዱን እንዲነካ አልፈቅድም፤ ቀንድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል። ምላጭን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አድርቆ ጊዜ ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው ካለ እባኩን ይተው፤ ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም።

ጠረጋው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይስባል። ጨርቁን ከጀርባው ጀምሬ ወደ ስለቱ አወጣዋለሁ እንጂ በስለቱ ርዝመት አልጎትተውም፤ ጣቴም ስለቱን አልፎ አይዞርም። ቀጥሎ ጨርቁን አሳጥፌ በእጀታው ሁለት ገጾች መካከል አሳልፈዋለሁ፤ ማጠፊያው ዙሪያ ያለውን ደግሞ በሶፍት ጫፍ እስበዋለሁ። አባቴ ሆዱ ያሉት ይኸው ነው። በመጨረሻም ስለቱን ለማስተካከል በሚያገለግለው የጨርቅ ጠፍር ላይ ጀርባውን አስቀድሜ አሥር ጊዜ ያህል አመላልሰዋለሁ፤ የቆዳውን ጠፍር ግን ለሚቀጥለው መላጨት መጀመሪያ አቆየዋለሁ።

ዘይት የምቀባው ለብዙ ቀናት የማልጠቀምበት ሲሆን ነው። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ ቫዝሊንም ስስ ሆኖ ከተቀባ ይሠራል። የኑግ ዘይት ግን አይሁን፤ አየር ሲያገኘው እየወፈረ ይጣበቃል፣ ማጠፊያውንም ያንቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር፦ የደረቀ ምላጭ ከጀርም የጸዳ ምላጭ ማለት አይደለም። በደም የሚተላለፈው የጉበት ብግነት ቢ (ሄፓታይተስ ቢ) ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምላጬን ለወንድሜም አላውስም። ለራሴም ቢሆን ሳሙናው ከለቀቀ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል አብሰዋለሁ፤ በረኪና ግን ብረቱን ስለሚበሳው አላስነካውም።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፤ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ። እርሱም የሚታጠፍ ምላጭ አለው፤ ጠርጎ መስኮት ላይ ካኖረው ብዙ ሳይቆይ ይደርቅለታል። እኔ ግን በነሐሴ፣ ከጠረግሁትም በኋላ፣ እስከ ማታ ድረስ ከፍቼ አቆየዋለሁ። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ትኩስ ውሃ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ወደ ቆዳ ማኅደሩም ከዚያ ክረምት ወዲህ አልተመለሰም።

አሁን ይህን ስናገር ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ የልጆች እጅ ከማይደርስበት ቦታ፣ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ፣ ወደ ማጠፊያው በኩል፣ ከዚያ ዝገት የቀረች አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከስለቱ ስለምትርቅ ተውኳት። ማታ ከማጠፌ በፊት መብራት ሥር አየዋለሁ፤ ነጥቧ እስከ ትናንት ድረስ አላደገችም።