ወንድም ጋሼን አይመስልም

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ሌላ ነበር፣ ይቆየን። አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

አክስቴን ታውቋታላችሁ፣ ባለ በርበሬ ሻንጣዋን። ሰሞኑን ልጇ የአጎቴን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በኤአይ አድሶ፣ ቀለም አልብሶ በስልኩ አሳያት። ትእዛዙ ላይ «ፎቶሪያሊስቲክ» ብሎ ጽፏል። ያምራል፣ እውነቴን ነው፣ የሸሚዙ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። መነጽሯን አደረገች። ስልኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። «ሲያምር! ግን ወንድም ጋሼን አይመስልም» አለች። «እማዬ፣ ከራሱ ፎቶ እኮ ነው የተሠራው!» «አውቃለሁ ልጄ። እሱን ግን አይመስልም።» ስልኩን መለሰችለትና ቡናው ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀች።

ያቺን ስልኩን የማራቅና የማቅረብ ነገሯን እስካሁን አያታለሁ። ምን ፈልጋ ነበር? በኋላ ዋናውን ፎቶ ሳየው የአጎቴ ግራ ዓይን ጠበብ ያለ ነው። ማሽኑ ሁለቱንም እኩል አድርጎታል።

እኛ ፎቶሪያሊስቲክ ስንል በሕይወት ያለ የሚመስል ማለታችን ነው አይደል? ቃሉ ግን የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፎቶ አስቀምጠው ፎቶውን በቀለም ይገለብጡ ከነበሩ ሰዓሊዎች ጋር ነው። እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ዎከር ሙዚየም ያለውን የአንዳቸውን፣ የቸክ ክሎዝን ሥዕል ያያችሁ ታውቃላችሁ። የራሱ ፊት ነው፣ 1968 ላይ ነው የጨረሰው፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ፎቶውን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ነው የሠራው። እና ካሜራው ያደበዘዘውን እሱም አደብዝዞ ሣለው! ዓይናችን ሰውን እንዲያ አያይም እኮ፣ ሌንስ ነው እንዲያ የሚያየው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ የሰው ፊት መለየት የሚያቅተው ሰው ነበር። ፊቱ ጠፍጣፋ ሥዕል ሲሆንለት ነበር የሚያስታውሰው። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል፣ ግን ወደ ሌላ ወሰደኝ።

ምን ልል ነበር... አዎ። ማሽኑም የተማረው ከፎቶ ነው። ፎቶ እንዲመስል ታዘዘ፣ ፎቶ አስመሰለው። አጎቴን አያውቀውም። አክስቴ ግን አብራው አድጋለች፣ ሲቆጣ ያ ዓይኑ የበለጠ ሲጠብ አይታለች።

ብቻ... እንዲህ እላለሁና ደግሞ፣ የድሮ ፎቶ ቤቶችስ ኔጋቲቩን በእርሳስ ይነካኩ አልነበር? ያ ዋናው የምለው ፎቶ ራሱ ምን ያህል እሱን ነው? እኔ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው፣ የማውቀው ፊት ያ ፎቶ ብቻ ነው። እና አሁን አዲሱን ካየሁት ወዲህ የድሮውን ዓይን ለማስታወስ ስሞክር አዲሱ ይቀድመኛል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ወይም የሚያስፈራኝ፣ አላውቅም።

ልጇ በትልቁ አሳትሞ ሊሰቅልላት ነው፣ ፍሬሙን ሁሉ ገዝቷል። በደስታ ነው የሚያወራው። እሷም እንቢ አላለችም። ልንገረው እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እሷ ዝም ካለች እኔ ማን ነኝ እላለሁ፣ ግን ዝም ያለችው ለእሱ ብላ ከሆነስ... እስቲ፣ አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ...